በረዶ ለኔልዳ

በዚያ ዓመት ከሚያዝያ ወዲህ ዝናብ አልጣለም። የድርቆሽ ጥቅል መቶ አርባ ዶላር ገባ። ከብት ያለው በሐምሌ ሸጠ፤ በሐምሌ ያልሸጠ በነሐሴ በግማሽ ዋጋ ሸጠ። ከከተማዋ ዳር ያለው ኩሬ ደርቆ ጭቃው ተሰነጣጠቀ። የኮሌጁ ቡድን አምስት ጨዋታ ተጫውቶ አምስቱንም ተሸነፈ። የኔልዳ ባል ኤርቪን በመጋቢት ሞቶ ነበርና ይህን ሁሉ አላየም። ጥቅምት ሲገባ ካፊያ ቢጤ ጣለ። ሰዉም የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ስለሚመለሱበት ቅዳሜ ማውራት ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት ኔልዳ ከትልቁ የምግብ መደብር ሥጋ መሸጫ ፊት ቆማ ፍሪምባ ትመርጥ ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት አሳልፋ ጡረታ ወጥታለች። ፍሪምባው ፓውንዱ አራት ዶላር ከአሥር ሳንቲም ገብቷል፤ ባለፈው ዓመት ሦስት ነበር። ፍሪምባ በዓይን አይመረጥም። ከመሀሉ ይያዝና ሁለቱ ጫፎቹ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ ይታያል። የሚታጠፈው ጥሩ ነው፤ እንደ ሳንቃ ቀጥ የሚለው ቀኑን ሙሉ ጭስ ቢጠጣም አይለሰልስም። አራተኛውን ስታነሳ እጇ ላይ ታጠፈላት። ከጨዋታው በፊት ቤተሰቡ ከስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ፣ ከፒካን ዛፎቹ ሥር፣ የፒክአፖቹን ጀርባ ከፍቶ ይደግሳል። የዚያን ድግስ ሥጋ ሃያ ስድስት ዓመት ያበሰለችው እሷ ናት። ዘንድሮ ማንም «አብስዪ» አላላትም። «ተዪው» ያላትም የለም።

ከዳቦው መደርደሪያ ወዲያ የታናሽ እህቷ የግሌንዳ ምራት ኬይሊ ጋሪ እየገፋች ታወራለች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ከቂጣው ጥቅል ላይ አስቀምጣዋለች። ኔልዳ ሰላም ልትላት አንድ እርምጃ ተራመደች፤ የእህቷን ድምፅ ስትሰማ ግን ቆመች።

«የድንች ሰላጣውን ከሱቁ ውሰጂ። ትልልቁን ባልዲ፣ አራት» ይላል ስልኩ።

«የራስዎን አይሠሩም እንዴ እማ? ሰው ይጠይቃል እኮ።»

«ይጠይቃ! ካለፈው ዓመት በኋላ እጄ ማዮኔዝ አይነካም። ያ ሳህን መኪናው ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለው አሁንም በሕልሜ ይመጣል።»

«እሺ በቃ፣ እሱን ይተዉት። ለአክስት ኔልዳ ምን ልጻፍ?»

«በረዶ።»

«በረዶ ብቻ?»

«ታዲያ ሥጋ ሰጥተናት ማን ሊበላላት? በረዶ ጻፊላት የኔ ልጅ። በረዶ እስካሁን ሰው አላሳመመም።»

ኬይሊ ሳቀች፤ ስልኩም ሳቀ። ጋሪው ወደ ኪያሩ መደርደሪያ ዞረ። ኔልዳ ፍሪምባውን ከወሰደችበት መለሰችው፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል እንዲሆንም ጫፉን አስተካከለችው። ሥጋ ቆራጩ ከወዲያ ሆኖ አያት።

«ምነው ኔልዳ፣ አልታጠፈልሽም?»

«ታጥፏል» አለችው።

በዚያ ከተማ ድግስ ሲደለደል በረዶ የሚደርሰው ለላጤ ነው። ወይም የት እንደሚቀመጥ ገና ላላወቀ አዲስ አማች። ወይም እጁ ለማይታመን። ይህን የሚናገር የለም፤ የማያውቅም የለም። በረዶ የያዘ ሰው ይመሰገናል፣ ጀርባው መታ መታ ይደረጋል፣ ያመጣው ነገር ቀልጦ ሲያልቅ ይረሳል። ኔልዳ ራሷ በዘመኗ ለስንቱ ሰው በረዶ ደልድላለች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። ያለፈው ኅዳር ድግስ አንድ በአንድ መጣላት። ጨዋታው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር የተባለው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ወደ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገፋው። ቴሌቪዥን ጨዋታ ሲገፋ የደጋሽ ሰዓት አብሮ መገፋት አለበት፤ ሰው ግን የእጁ ልማድ አይገፋለትም። ግሌንዳ እንደ ሠላሳ ዓመት ልማዷ ጎሕ ሲቀድ ድንቹን ቀቅላ፣ በማዮኔዝ ለውሳ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ደርድራዋለች። በረዶውን ባሏ ራንዲ ለቢራው ወስዶታል። ኅዳር ሆኖ ሳለ ፀሐዩ የግንቦት ነበር። በምሳ ሰዓት የበላ ደህና ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የበሉት አሥራ አንድ ሰዎች ሌሊቱን ሲያስመልሱ አደሩ። ፓስተሩና ሁለት ሕፃናት ሆስፒታል ገቡ። ሁሉም ሰው ከሁሉም ምግብ በልቶ ነበርና ነገሩ ትልቁ ላይ ወደቀ፤ ትልቁ ደግሞ ፍሪምባው ነው። ኤርቪን ብቻ፣ «እኔ ሦስት ጊዜ በልቻለሁ፤ ምን ሆንኩ?» ብሎ ነበር። ኤርቪን የድንች ሰላጣ አይወድም። በኋላም ባል ነው ለሚስቱ ይመሰክራል ተባለ፤ በመጋቢት ደግሞ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የነበረውን ዓመት ኔልዳ ለማንም አላወራችም። ሠላሳ ዓመት ስድስት መቶ ልጅ አብልታ አንድም ሆዱን ያመመው አልነበረባትም። አሁን ግን የገዛ እጇን ጠረጠረች። ቴርሞሜትሯን ጥላ ሁለት አዲስ ገዛች። ለራሷ ብቻ ዶሮ ስታበስል ሁለቱንም ትሰካለች፤ ቁጥሩ እኩል ካልሆነ አትበላም። በግንቦት በቤተ ክርስቲያኑ የጋራ ምሳ ላይ ቦሎቄ በቋሊማ ይዛ ሄደች። ሳህኑ እንደ ሞላ ተመለሰ። ከጫፉ አንድ ማንኪያ ጎድሎ ነበር፤ ያንን ያነሳው ፓስተሩ መሆኑን አይታለች። አንስቶም አልበላውም። የሞላውን ሳህን በፎይል ሸፍና እቅፏ ላይ አድርጋ ቤቷ ድረስ ነዳች። ሙያዋ ያ ነበር፤ ልጅ የላት፣ ባሏ የለ፣ ሌላ የምትጠራበት ነገር አልነበራትም።

ይሁን እንጂ መኪናው ውስጥ ያስቀመጣት ሳህኑ አልነበረም፤ የጭስ ምድጃው ነበር። ኤርቪን ከወፍራም የነዳጅ ቱቦ በይዶ የሠራላት፣ ውስጡ በሃያ ስድስት ዓመት ጭስ ጠቁሮ እንደ ጥቁር ሸክላ የሚያበራ ምድጃ። ሰዎቹ በታመሙ በሦስተኛው ቀን ግሌንዳ ጓንት አጥልቃ፣ በረኪና ይዛ መጣች። «ነይ እህቴ፣ አብረን እንጠበው፤ ሰው ሲያይ ይረጋጋል» አለቻት። ሁለቱ እህትማማቾች ተንበርክከው ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈገፈጉት። ሥጋውን የሚያጣፍጠው ያ ሁሉ ጥቁረት ተገፍፎ ግራጫው ብረት ወጣ። ኔልዳ ስታለቅስ ግሌንዳ በክርኗ አቀፈቻት፤ ጓንቱ በረኪና ነበረበትና። እያወቀች ነው ያጠበችው። እያወቀች ነው ያቀፈቻት።

የድግሱ ድልድል ስብሰባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግሌንዳ ቤት ነበር። ኔልዳ አሥር ተኩል ላይ ደረሰች። የግሌንዳ ቤት ሦስት ዓመት የሆነው አዲስ ቤት ነው፤ ወጥ ቤቱ ነጭ፣ ምድጃው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ጋራዡ ለሁለት ፒክአፕ የሚበቃ። እህቷን ያገኘቻት ጋራዡ ውስጥ ነው፤ የወረቀት ሳህን ጥቅሎችን ከመደርደሪያ እያወረደች።

«ቀደም አልሽ» አለች ግሌንዳ። «እስቲ ያዢልኝ ይሄን። ዘንድሮ ዘጠና ሰው ነው፤ በነፍስ ወከፍ ሦስት ሳህን ብዬ...»

«ሱቅ ነበርኩ። ዳቦው ጋ።»

ግሌንዳ የያዘችውን ጥቅል ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ኬይሊ ስልኳን ጮክ አድርጋ ነው የምታወራው» አለች ኔልዳ።

ከወዲያ ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ጀመረ። ግሌንዳ ጥቅሉን ቀስ ብላ መኪናው አፍንጫ ላይ አኖረችው። «ልነግርሽ ነበር» አለች። «በመጀመሪያው ሳምንት ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ሕፃናቱ ሆስፒታል ሆኑ፣ የራንዲ ደንበኞች ናቸው ወላጆቻቸው፤ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ሚስቱ ልጆቻቸውን መርዛ ማን ከእሱ ይገዛል? ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ ወሩ አለፈ። ከዚያ ኤርቪን ሞተ፤ እንዴት ብዬ...»

«ምድጃዬን አብረሽኝ በበረኪና አጠብሽ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ግሌንዳ የጥቅሉን ፕላስቲክ በጥፍሯ ትልጥ ጀመር።

«ዛሬ ሁሉም አለ» አለች ኔልዳ። «ድልድሉ ከማለቁ በፊት በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አልናገርም፤ አንቺው ትናገሪያለሽ።»

ያኔ ግሌንዳ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው እፍረት ሄዶ ሌላ ነገር መጣ።

«እማማ የወደቀች ቀን ተራው የማን ነበር?»

ኔልዳ መኪናውን ያዘች።

«ሃያ አንድ ዓመት» አለች ግሌንዳ። «ሃያ አንድ ዓመት ያንቺን ተሸክሜልሻለሁ። የገዛ ወንድሜ አልቪን ቤቴ ውኃ አይጠጣም። ስሜን አይጠራም። አንድ ቀን ደክሞኛል ብዬሻለሁ? አንቺ የእኔን አንድ ዓመት መሸከም አቃተሽ?»

«እኔ ተሸከሚልኝ አላልኩሽም።»

«ተዪም አላልሽኝ።»

እውነት ነበር። ያም የድግስ ቀን፣ የጥቅምት ቅዳሜ ነበር። እናታቸውን ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፤ ተራው የኔልዳ ነው። ሥጋው ዘግይቶባት፣ እናቷ ተኝታለች ብላ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ፒካን ዛፎቹ ሄደች። ቆራጭ አልነበረም፤ ሰው ሳህን ይዞ ተሰልፏል፤ አንዱ ሰዓት አምስት ሆነ። እናትየዋ መታጠቢያ ቤት ወድቃ እስከ ማታ ወለሉ ላይ ቆየች። በአሥረኛው ቀን ሞተች። ኔልዳ በእነዚያ አሥር ቀናት እህል መቅመስ ተወች፤ ኤርቪን ለእሷ ፈርቶ የአደን ጠመንጃውን ከቤት አውጥቶ ጎረቤት ቤት አስቀመጠው። ትልቁ ወንድማቸው አልቪን ከባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ ሥራው ለቀብር መጥቶ «ተራው የማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ግሌንዳ ኔልዳን አየቻትና «የእኔ» አለች። ኔልዳ ሰማች። ዝም አለች። ዝምታው አደረ፣ ከረመ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤቱ ሞላ። ሞላ ማለት ራንዲ አለ፣ ኬይሊ አለች፣ ግሌንዳ አለች፣ ኔልዳ አለች፤ አልቪንም በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚመጣው ድንኳኑና ተሳቢው የእሱ ስለሆኑ ብቻ ነው። የሚጠጣውን ውኃ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ኬይሊ ስልኳ ላይ ያለውን ዝርዝር እየነካካች ታነባለች፤ ራንዲ ቢራ ይዞ ይቀልዳል። ቋሊማ አርባ ፓውንድ፣ ራንዲ። ቦሎቄ በሁለት ትልልቅ ድስት፣ ኬይሊ። ነጭ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ኪያር። ሥጋው ዘንድሮ ከሳን አንቶኒዮ መንገድ ካለው ምግብ ቤት ተገዝቶ ይመጣል፤ ፓውንዱ ሃያ ስድስት ዶላር ነው። ዋጋው ሲጠራ ማንም ኔልዳን አላያትም፤ ሁሉም እሷን ላለማየት ስልክ አየ፣ ቢራ አየ፣ መስኮት አየ።

«ድንኳኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይተከላል» አለ አልቪን። «ኬይሊ፣ ለአማትሽ ንገሪያት፤ ጠረጴዛዎቹን አምና እንዳደረገችው አታዘግያቸው።»

ግሌንዳ ከእሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማለች።

«እማ፣ ጠረጴዛዎቹን...» አለች ኬይሊ።

«ሰምቻለሁ» አለች ግሌንዳ፤ የጨውና የበርበሬውን ዕቃ ጎን ለጎን እያስተካከለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ሃያ አንድ ዓመት የለመደ ድምፅ ነው።

«የድንች ሰላጣ ከሱቅ» አለች ኬይሊ ፈጠን ብላ። «እና... አክስት ኔልዳ፤ እርስዎን በረዶ አድርጌዎታለሁ። ይሁን?»

«ከሁሉም ከባዱ እኮ እሱ ነው!» አለ ራንዲ። «ቢራዬ ከሞቀ ግን ኔልዳ፣ አልምርሽም። በረዶ ማቃጠል ይቻላል እንዴ? አንቺ እንዳትሞክሪው ብቻ።»

የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ኔልዳ ግሌንዳን አየቻት። ግሌንዳ የጨውን ዕቃ ወደ ግራ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ። ጊዜ ነበራት። ቢያንስ ሰው አንድ ጊዜ ተንፍሶ ሁለት ቃል የሚናገርበት ጊዜ ነበራት። አልተናገረችም።

ኔልዳ ቀኑን ሙሉ ምላሷ ላይ ይዛው የዋለች አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። አጭር ነው፤ ድንች አለበት፣ ፀሐይ አለበት። አሁን ልትለው አፏን ከፈተች። አልቪን ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፤ ባርኔጣውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዞረ፤ ከግሌንዳ ወገን ያለውን ትከሻውን እንደ ልማዱ እንደ በር ዘግቶታል። ያንን ትከሻ ኔልዳ በየዓመቱ አይታው ነበር፤ ግን በእሷ ላይ የተዘጋ ስላልነበር ትከሻ ብቻ ይመስላት ነበር። በዚህ ዓመት ነው፣ የሞላ ሳህን ታቅፋ ከተመለሰች ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ትከሻ ምን እንደሚከብድ ያወቀችው። የእህቷን ዕዳ ሳትመልስ የራሷን መጠየቅ አልሆነላትም።

«አልቪን» አለች።

«ምነው?»

«እማማ የወደቀች ቀን ተራው የእኔ ነበር። የግሌንዳ አልነበረም። እኔ ነኝ ትቻት ስታዲየም የሄድኩት። ሥጋ ልቆርጥ። አምስት ሰዓት ቆየሁ።»

ራንዲ ቢራውን ወደ አፉ እንዳቀረበ ቀረ። ኬይሊ ያልገባት ነገር ቢኖርም ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?» አለ አልቪን።

«ሰምተኸኛል። ያኔ ጤና አልነበርኩም፤ ልትሸፍነኝ ብላ ነው ተራው የእሷ ነበር ያለችህ። ከዳንኩ በኋላም ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም።»

የሽማግሌው መንገጭላ አጥንት ወጣ፣ ገባ። ከዚያ አንገቱን ቀስ ብሎ፣ ዝገት እንደያዘው ማጠፊያ፣ ወደ ግሌንዳ አዞረ።

«ግሌንዳ» አለ። ስሙ በአፉ እንግዳ ሆኖበት ተሰማ። «እውነት ነው?»

ግሌንዳ ጭንቅላቷን ብቻ ነቅንቃ አዎ አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። አልቪን ተነሳ። ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሳውም። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ ከጎኗ ቆመና ያንን ትልቅ ሻካራ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ እሷም እጁ ላይ ጉንጯን አስጠጋች። «ቤትሽን እንኳ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም» አላት። «እንዲህ ነጭ መሆኑን አላየሁም።» ራንዲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኔልዳ በቆመችበት ጠበቀች። ዕዳው ተከፍሏል፤ አሁን ተራው የማን እንደሆነ ሁለቱም እህትማማቾች ያውቃሉ፤ ኬይሊም ታውቃለች። ግሌንዳ በወንድሟ ክንድ ሥር ሆና ዓይኗን አነሳችና ኔልዳን አየቻት። ከንፈሯ ተላቀቀ። የአልቪን እጅ ትከሻዋን ጠበቅ አደረገው። ግሌንዳ ያንን እጅ አየች፤ ከዚያ ከንፈሯ መልሶ ገጠመ፤ ዓይኗንም ጨፈነች። እጁን ባገኘችበት ደቂቃ ልታጣው አልፈለገችም። ኬይሊ የገለበጠችውን ስልክ አንስታ ምንም ያልተጻፈበትን ነገር ማንበብ ጀመረች።

ኔልዳ ቦርሳዋን ከወንበሩ ጀርባ አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ የአልቪን ባርኔጣ መንገዷ ላይ ወድቆ ነበርና ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ አራግፋ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። እሷ በቆመችበት በኩል ያለው ትከሻው ቀስ ብሎ ዞረ። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት።

«ኬይሊ» አለ አልቪን፣ ዓይኑን ከግሌንዳ ሳያነሳ። «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ስትወጣ በሩን ዘግታው ትሂድ።»

ኔልዳ እስኪነገራት አልጠበቀችም። ወጣችና በሩን ዘጋችው።